የጋሽ እርገጤ ላዳ

ከጎሚስታው ጀርባ፣ ከፍራንኮ ማዶ፣
ሁለት ክረምት ቆሟል በድንጋይ ተጋርዶ።
ሰማያዊው ቆዳው፣ ነጭ ጣራው ከላይ፣
ሽሮ የተነፋበት ይመስላል ሲታይ።

የእቁብ ዕጣዬ ወጥቶ፣ ስልሳ አምስት ሺ ብር፣
በጋሽ እርገጤ እጅ ቆጠርኩኝ በክብር።
(እርገጤ ነው ስሙ። ማን እንዳወጣለት
ነዳጅ መርገጥ ሳያውቅ፣ ገና በልጅነት!)
«ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ያስነጥሳል፣
ካልተሳደባችሁ ግን ሰው ቤቱ ያደርሳል።»

እኛ ግን ቤት መድረስ መች ሆነ ጉዳያችን፣
አራት መቶ ሜትር ነው የዓለም ዳርቻችን፤
ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ያለ ኩርባ፣ ዳገት፣
ትንፋሽ ይዞ ገብቶ ሳይተነፍሱ መውጣት።

ሶሬቲ ናት ዋናዋ፣ ቶርኖ ቤት ያደገች፣
በጥፍሯ ሥር ግራሶ ይዛ ሠርግ የሄደች።
«ጉልበት ብር ይፈልጋል፣ መቅለል ግን በነጻ!»
ይኸው ነው ትምህርቷ፣ የዓመቱ ገለጻ።

ከሽንኩርት ነጋዴው፣ ከሐምዱ በረንዳ
ሚዛን ተዋስን (ሁሌም ገዢ ነው በሱ የሚጎዳ)።
የኋላ ወንበሩ፣ ሃያ አንድ ኪሎ።
ፖርቶመጋላው አሥራ አራት፣ ዝገቱ ተጥሎ።
ማሞቂያው፣ ስድስት ተኩል። (ለአዳማ ሐሩር!
በበረዶ አገር የሠራው ምን አስቦ ነበር?)
ወንበሩ ሲነሣ ከሥሩ ምን ወጣ፦
የሐኪም ወረቀት፣ አምስት ሳንቲም፣ የደረቀ የሸንኮራ ምጣጭ፣
አንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ ጥንዱን ያጣ።

ጋሽ እርገጤ ሊያየን በየማታው ይመጣል፣
ጎማ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያደምጣል።
ጫማውን ሲያይ ሳቀ፦ «ኩፍኝ ይዟት ነበር፣
ከወንጂ በሌሊት ያመጣኋት ስበር።
እናቷ ብር አልያዘች፤
ለካ ልጅቷ ኖሯል ሒሳብ የከፈለች።»
ደግሞ ወደ ሚዛኑ አየና በቀስታ፣
«ይኼስ ስንት ይመዝናል?» ሶሬቲ ዝም አለች ለአፍታ፣
ጫማውን ሰሃኑ ላይ አኖረችው።
መርፌው ንቅንቅ አላለም።

«ክብደት ነው» አልኳት፣ ስታስረው በሽቦ
ከማርሹ ዘንግ አጠገብ። አልሰማችኝም መሰል፣ ልቧን ሌላ ስቦ።

ሞጆ ላይ ከተጋጨ ሚኒባስ ነው ሞተሩ፤
ከቁራሌው ግቢ በጋሪ ስንጭን፣ ሳቀብን ሰፈሩ።
አንድ ፈረስ ጎተተ ዘጠና የፈረስ ጉልበት፣
ባለጋሪው ጠየቀን የትርፍ ሰዓት።
ፍሪሲዮን ከፒክአፕ፣ ካርቡራተር ከፊያት፣
መብራት በመጣ ቁጥር፣ ሶሬቲ ቶርኖው ላይ፣ ሦስት ሌሊት።
ማርሚታውን ስንጥለው ጎረቤት ከሰሰን፣
ቀበሌው ከእሁድ በቀር እንዳናስነሣ ቃል አስገባን።

እሁድ ማለዳ ነው። ገና ያልተመረቀ፣
ከከተማው ዳር ያለ፣ ቀለሙ ያላለቀ
አስፋልት። ኮረብታው ላይ የነፋስ ዘንጎቹ
ሳይቸኩሉ ዞሩ፣ ሦስት ሦስት ክንፎቹ።
ከጎኔ የቆመው
የቢሾፍቱ ዲኤክስ ነው፤ ጎማው ብቻ ላዳዬን የሚሸምተው።

መሐረብ ወደቀ።
ኮፈኑ ተነሣ፣ ሰማዩ ቀረበኝ፣
ሁለተኛ።
ሦስተኛ። ማስነጠሱ ትዝ አለኝ፤
«በርታ የኔ ጌታ» አልኩት እንደ በሬ።
በፋኖስ ስፋት ቀደምን፣ በጭላንጭል፣ በፍሬ።

በሁለተኛው ዙር ሴሚያሱ ቋ! አለ፣
አቧራውን ትቶልን ዲኤክሱ ኮበለለ።

ስንመለስ በግፊ፣ ስድስት ሆነን ከኋላ፣
ጋሽ እርገጤ መሪ ላይ (ወንበር የለም ሌላ)፣
ግራ ክንዱን በመስኮት
አውጥቶ፣ እንደ ድሮው፣ እንደ ሥራ ሰዓት፣
ከመንገዱ ዳር ላይ ዘምቢል የያዘች ሴት
እጇን አነሣችና «ፖስታ ቤት? ፖስታ ቤት?»

ፍሬን ያዘ።
ከላዳው ጀርባ ጋር ተላተምን በደረት።

«ግቢ» አላት። ጎንበስ አለች፣
ባዶውን ወለል፣ ሽቦውን፣ ያንን ጫማ አየች፣
ዘምቢሏን አስቀድማ እወለሉ ላይ ተቀመጠች።
«ሒሳብ ስንት ነው?» አለች።

ሶሬቲ ከጎኔ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች፣
«ስንት ኪሎ ናት?» አለች።
ገፋን።